ሃያ ሁለት ደቂቃ

ግንቡን አይደለም ያነሣሁት።
ግንቡማ ቀን ሙሉ ሲነሣ ይውላል፣
ሙሽራ ይደገፈዋል፣ እንግዳ ይሰለፍለታል።
እኔ ጀርባዬን ሰጠሁት፤
ፊቴን ወደ ፒያሳ አዞርኩ፣ ወደዚያ የጥግ ቤት፣
ጣሊያን ሠርቶት፣ ክረምት በልቶት፣ ማንም ስም ሳያወጣለት
ሰገነቱን እንደ ዛለ ከንፈር ጥሎ ወደ ቆመበት።

ካሜራው የመምህሬ የሙሉሰው ነው።
ከሦስቱ እግሮቹ አንዱ ያነክሳል፣
ሆዱ እንደ አኮርዲዮን ይሳባል፤
ጥቁር ጨርቁን አይጥ ስለ ጨረሰው
ጋቢዬን አራት አጥፌ ተከናነብኩ።
ከውጭ ላየኝ፣ ለቅሶ የተቀመጥኩ እመስላለሁ።
ከውስጥ ግን ጎንደር ተገልብጣለች፤
ሰማዩ ከታች፣ አስፋልቱ ከላይ፣
ባጃጅ እንደ ዝንብ በጣራ ስትሄድ አያለሁ።

ሙሉሰው ይል ነበር፦
«ፊልም ሌሊት ይደክመዋል፣ እንደኛው ነው።
አምስት ደቂቃ ይበቃዋል ካልክ፣ ሃያ ሁለት ስጠው።
ብርሃን ሲያንሰው
ለማመን ይዘገያል።»

ሁለት ፊልም ነው የቀረኝ። አንዱን ከፈትኩ።

ውሻ አለፈ። ባጃጅ አለፈ፣ መብራቱን ጎትቶ።
ከመጠጥ ቤት የወጣ ሰው፣ ከጥላው ጋር ተጣልቶ
መሐል መንገድ ቆመና ሰደበው፤ ታረቀው፤ አለፈ።
ሁለት ልጃገረዶች ሳቃቸውን በነጠላ ጫፍ አፍነው፣
ፊልሙ አንዳቸውንም አልጻፈ።
ሌንስ ፊት የሚሄድ ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል፤
ከነወሬው ይሄዳል፣ ግድግዳው ይቀራል።
ስንቱ ባለ ዘውድ እንዲህ ፈጥኖ እንዳለፈ
ከጀርባዬ ያለው ያውቃል።

ዐሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ።
ከአራዳ እስከ አዘዞ፣ ድፍን አገር።
«ኤጭ!» አለ ሰፈሩ በአንድ አፍ፤ ከዚያ ዝም።
እጄ ወደ ሌንሱ ክዳን ተሰደደ፣
መለስኩት። ለምን እዘጋለሁ?
ጨለማ ፊልም ላይ አይጽፍም፣
የተጻፈውንም አይሰርዝም።
ያየውን ይዞ ይጠብቃል፤
እኔም አብሬው እጠብቃለሁ።

«ማነህ አንተ?»
የቤቱ ዘበኛ፣ ጋሽ አጣናው፣ ባትሪውን ዐይኔ ላይ አብርቶ።
«ፎቶ ነው፣ ጋሼ። እባክዎ ባትሪውን ያጥፉት።»
«በጨለማ?»
«በጨለማ።»
«እና አላለቀም?»
«ገና ነው።»
ሳቀ። «እኔም እዚህ በር ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ገና ነኝ።»
ደጃፉ ላይ ካርቶን አነጠፈ፣ ካፖርቱን እስከ አገጩ ሳበ፤
መብራት ሳይመጣ በፊት እንቅልፍ መጣለት።

ከዚያ መብራት መጣ። ልጆች አጨበጨቡ።
ቀሪውን ዐሥራ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩለት።

ፊልሙን ያጠብኩት መታጠቢያ ቤት ነው፣
የቁልፉን ቀዳዳ በካልሲ ወትፌ፣
የሳምንቱን ውሃ ከጄሪካን በጣሳ ቀድቼ።
ቤቱ ወጣ፤ ስንጥቁ ሁሉ፣ ሰገነቱ፣
የባትሪው ብርሃን እንደ ተፈታ ክር፣
ከበሩ ሥር ጋሽ አጣናው፣
ግማሽ።
ሌሊቱን እኩሌታ ብቻ ስለ ነበረበት
የበሩ ሳንቃ በካፖርቱ ውስጥ ያልፋል፤
ማጠፊያው ደረቱ ላይ፣
መቀርቀሪያው ከልቡ ትንሽ ዝቅ ብሎ።

ወረቀቱን ወሰድኩለት። አየው፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤
«ሸብቻለሁ» አለ፣ ጎኑ ላይ አስቀመጠው።
ከዚያ ኔጋቲቩን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ፀሐይ ዘረጋው።
እዚያ ጢሙ ከሰል ነው፤ ጠጉሩም፤
ሌሊቱ ነጭ፣ መስኮቱ ጥቁር፣
ፊቱ እንደ ኩራዝ የበራ ጎልማሳ
ቤት በደረቱ ይዞ ተኝቷል።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።
«ይኸኛውን ስጠኝ» አለ።

ያለኝ እሱ ብቻ ነው፣ ጋሼ፣ ሌላ የለኝም፣
ልለው አፌን ከፈትኩ።
ባጃጅ አለፈ። እሱ እጁን ከፀሐዩ አላወረደም።